ቅጠሉ ምን ነካው?

የጓሮ ፍራፍሬ ቅጠል ሲታመም ምክንያቱን ስለ መፈለግ በሬዲዮ የተላለፈ ትምህርት

ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ። የዛሬው ትምህርታችን በየጓሮአችን ስላሉት የፍራፍሬ ዛፎች ነው። ቅጠላቸው ቢጫ ሲሆን፣ ሲጨማደድ፣ ሲጠቁር ወይም ሲደርቅ ምን ማድረግ እንዳለብን እንማራለን። ይህ ጽሑፍ የንግግሩ ቅጂ ነው። በሬዲዮ ያዳመጣችሁትን አሁን ቀስ ብላችሁ በዓይናችሁ አንብቡት።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የምኖረው በአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ነው። ቀን ቀን ሕፃናትን አስተምራለሁ። በሳምንት 3 ቀን ደግሞ ማታ ማታ እናቶችንና አባቶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። በሰፈራችን ግቢው ጠባብ ነው። ቢሆንም አንዱ ጋ ሎሚ፣ አንዱ ጋ ኮክ፣ አንዱ ጋ ዘይቱን፣ ሌላው ጋ አቮካዶ አይጠፋም። ከአጥሩ ሥር እንሰት የተከሉም አሉ። እነዚህ ዛፎች ጥላ ናቸው፤ ለልጆች መክሰስ ናቸው፤ ለአንዳንዱ ቤት ደግሞ ገቢ ናቸው።

የአንድ ሎሚ ታሪክ

በቅድሚያ አንድ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። እኔ «እማማ» ነው የምላቸው። የማታ ተማሪዬ ናቸው። ክፍል ውስጥ «መምህርት» ይሉኛል። ከክፍል ስንወጣ ግን «ልጄ» ነው የሚሉኝ። እማማ ከፍሬ ያበቀሉት አንድ የሎሚ ዛፍ ነበራቸው። ሎሚውን በደጃቸው በመደብ በመደብ አድርገው ይሸጣሉ። በዚያ ገንዘብ ለልጅ ልጃቸው ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛሉ።

አንድ ዓመት የኩሽናቸውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሎሚው ቅጠል መልኩ ተለወጠ። በየቅርንጫፉ ጫፍ የወጡት አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ተባይ ነው» አለ። አንዷ «ዓይን ነው» አለች። ሌላው «ዝም ብላችሁ መድኃኒት እርጩበት» አለ። እማማም የመጨረሻውን ምክር ተቀበሉ።

ከገጠር የመጣ አንድ ዘመዳቸው በጀርባ የሚታዘል መርጫ ይዞ ነበር። መድኃኒቱም በጠርሙስ አብሮ አለ። በስንዴ ማሳ ላይ ሲሠሩበት የቆዩ ናቸው። ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ አለ። እማማ ያን ጊዜ ገና «ሀ ሁ» እየቆጠሩ ነበር፤ ጽሑፉን ማንበብ አይችሉም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር። የውኃውን ባልዲ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ማንበብ የምችለው እኔ ነበርኩ። አላነበብኩትም።

በሳምንቱ የሎሚው ቅጠል እንደ ተጨበጠ እጅ ተጠማዘዘ። ለጋ ቅርንጫፎቹ ተጣመሙ፤ ከዚያም ደረቁ። ደንግጬ ጠርሙሱን አነሣሁና አነበብኩ። «ፀረ አረም» ይላል። 2,4-ዲ የሚባለው ነው። ይህ መድኃኒት የተሠራው ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለመግደል ነው። ስንዴንና ጤፍን የመሰሉ ቀጭን ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ብዙም አይጎዳቸውም። ሎሚ ግን ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ነው። እኛ ለሎሚው መድኃኒት የሰጠን መስሎን መርዝ ረጨንበት።

ኋላ የወረዳችን የከተማ ግብርና ባለሙያ መጣ። ዛፉን ዞር ዞር ብሎ አየና አንድ ነገር ጠየቀ። «እማማ፣ በቅርቡ እዚህ ምን ተሠርቶ ነበር?» አላቸው። ከዚያም በዛፉ ሥር አፈሩን በዶማ ገለጥ አደረገው። ከግድግዳው የተረፈው ሲሚንቶና ፍርስራሽ በሙሉ እዚያ ተቀብሮአል። በላዩም የምድጃ አመድ በየጊዜው ሲደፋበት ኖሮአል። ቢጫነቱን ያመጣው ይህ ነበር። ተባይ አልነበረበትም።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ እኔና እማማ የከፈልነውን እናንተ እንዳትከፍሉ ነው። የዛሬው ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቅጠሉን እንመልከት። ቀጥለን ምክንያቱን እንጠይቅ። መድኃኒት የምናነሣው በመጨረሻ ነው፤ ያውም አንብበን።

ቅጠል ምን ይሠራል?

ቅጠል የዛፍ ወጥ ቤት ነው። ሥሩ ከአፈር ውስጥ ውኃና ማዕድን ይስባል። ያም በግንዱ አልፎ ወደ ቅጠሉ ይወጣል። ቅጠሉ ከነፋሱ አየር ይወስዳል፤ ከፀሐይ ብርሃን ይቀበላል። በዚህ ሁሉ የዛፉን ምግብ ያዘጋጃል። ግንዱም፣ ሥሩም፣ ፍሬውም የሚመገቡት ቅጠሉ ያዘጋጀውን ነው። ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገው ይህን ሥራ የሚሠራበት ነገር ነው። አረንጓዴው ሲጠፋ ወጥ ቤቱ ሥራ ፈቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቅጠል ሲታመም ሕመሙ ሁልጊዜ ከቅጠሉ አይጀምርም። ሥሩ ሲታነቅ፣ ውኃ ሲበዛበት ወይም ሲጠማ ምልክቱ የሚታየው ቅጠሉ ላይ ነው። የልጅ ግንባር ሲተኩስ ሕመሙ ሆዱ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ማለት ነው።

ዛፉን የምንመረምርባቸው 5 ጥያቄዎች

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ይጠይቀናል። «የት ጋ ነው የሚያምህ? መቼ ጀመረህ? ምን በላህ?» ይላል። እኛም ዛፋችንን እንዲሁ እንጠይቅ። ጥያቄዎቹ 5 ናቸው።

1ኛ. የታመመው የትኛው ቅጠል ነው? በጫፍ ያለው አዲሱ ነው ወይስ ወደ ውስጥና ወደ ታች ያለው የቆየው?

2ኛ. መልኩ እንዴት ነው? ሁሉም ቢጫ ሆነ ወይስ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ብቻ ቢጫ ሆነ? ጅማት የምንለው በቅጠሉ ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጋውን መስመር ነው።

3ኛ. ከጀርባው ምን አለ? ቅጠሉን ገልብጡት። ተባይ መደበቅ የሚወደው ከጀርባ ነው።

4ኛ. አፈሩ እንዴት ነው? አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። ደረቅ ነው? ጭቃ ነው? ይሸታል?

5ኛ. በቅርቡ ምን ሆነ? ምን ተደፋ? ምን ተረጨ? በረዶ ዘንቦ ነበር? ውርጭ ነበር?

እነዚህን 5 ጥያቄዎች ሳትመልሱ ምንም አትርጩ። አሁን መልሶቹን አንድ በአንድ እንይ።

ቢጫ ቅጠል

በዓመት ውስጥ ጥቂት አሮጌ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ አያስደነግጥም። እርጅና ነው። ኮክን የመሰለ ዛፍ ደግሞ በየዓመቱ ቅጠሉን በሙሉ አራግፎ እንደገና ያወጣል። ይህም ተፈጥሮው ነው።

አሮጌዎቹ ቅጠሎች ብዛት ባለው ሁኔታ ከነጅማታቸው ቢጫ ከሆኑ ግን ዛፉ ርቦታል። ያጣው ናይትሮጂን የሚባለውን ምግብ ነው። ቢጫው ለምን ከአሮጌው ይጀምራል? ዛፉ ናይትሮጂን ሲያንሰው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። እናት ከራሷ ጉርሻ ቀንሳ ለልጇ እንደምታጎርስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥሩ አድርጎ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ነው። ፍጉን ግንዱ ላይ አትከምሩት፤ ግንዱን ያበሰብሰዋል። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ የዛፉ ጥላ እስከሚያርፍበት ድረስ በትኑት። ትኩስ ፍግ ሥር ስለሚያቃጥል በስብሶ ይቆይ።

አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረስ? ይህ እንደ እማማ ሎሚ ነው። ዛፉ ያጣው ብረት ነው። አዎ፣ ዛፍም እንደ ሰው ብረት ያስፈልገዋል። ዛፉ ግን ብረትን ከአሮጌው ቅጠል አንሥቶ ለአዲሱ መስጠት አይችልም። ስለዚህ የሚራበው አዲሱ ነው። ብዙ ጊዜ ብረቱ ከአፈሩ አልጠፋም። በአፈሩ ውስጥ ኖራ ሲበዛ ብረቱ ይታሰራል፤ ሥሩም ሊወስደው አይችልም። ሲሚንቶ ኖራ አለበት። አመድም ሲበዛ እንደ ኖራ ያደርጋል። በከተማችን ግንባታ የማያልቅ ስለ ሆነ ይህ ችግር በየግቢው ያጋጥማል። ፍርስራሹን አውጡት። በምትኩ ጥሩ አፈርና ብስባሽ ጨምሩ። አመዱን ሌላ ቦታ ድፉት። ከዚያ በኋላ በትዕግሥት ጠብቁ። ቀድሞ ቢጫ የሆነው ቅጠል እንደዚያው ሊቀር ይችላል። እናንተ የምታዩት አዲስ የሚወጣውን ነው። እሱ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ዛፉ ድኗል።

አሮጌውም አዲሱም አንድ ላይ ገርጥቶ ቢረግፍ፣ አፈሩም ጭቃ ቢሆንና ቢሸት፣ ችግሩ የውኃ ብዛት ነው። በክረምት ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሥር ይተነፍሳል። ውኃ በሥሩ ሲተኛ አየር ያጣና ይታፈናል፤ ኋላም ይበሰብሳል። ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠማዋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ አይተው «ጠማው» ብለው ውኃ የሚጨምሩበት ብዙ ሰዎች አሉ። ያን ጊዜ ይገደላል። ስለዚህ ውኃ ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን በእጃችሁ ንኩ። ጭቃ ከሆነ ቦይ ቅደዱለትና ውኃው ይውጣ። በተለይ አቮካዶ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ፈጽሞ አይወድም። የአቮካዶ ቅጠል እያነሰና እየገረጣ፣ አናቱም እየተራቆተ ከመጣ መጀመሪያ ሥሩን ተጠራጠሩ።

ጫፉ የደረቀ ቅጠል

የቅጠሉ ጫፍና ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛው ውኃ ጥም ነው። በበጋ አፈሩ ስንዝር ድረስ ደረቅ ከሆነ ዛፉ ጠምቶታል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት ይልቅ ቀስ አድርጋችሁ በደንብ አጠጡትና ጥቂት ቀናት ቆይታችሁ ድገሙት። ውኃው ወደ ጥልቅ ሥሩ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጨው ነው። በየግቢያችን የልብስና የዕቃ እጣቢ የሚደፋው የት ነው? ከዛፍ ሥር ነው። ጨው፣ በረኪናና የዱቄት ሳሙና ያለበት ውኃ ሲደጋገም በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። አቮካዶ በዚህ ቶሎ ይጎዳል። እጣቢውን ሌላ ቦታ ድፉ። ጨው የተከማቸበትን አፈር በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ ውኃው ግን እንዳይተኛ መውጫ አብጁለት።

የብርድና የበረዶ ምልክት

ሁሉም ምልክት በሽታ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ የዘይቱን ቅጠል ቀላ፣ ወይን ጠጅ መሰል ይላል። ብርድ ነው። ሙቀት ሲመለስ አዲሱ ቅጠል በደኅና መልኩ ይወጣል።

በረዶ የዘነበ ዕለት ደግሞ ቅጠል ይቀደዳል፤ ይበሳሳል። ተባይ የበላው ነው ወይስ በረዶ የመታው? መለያው ቀላል ነው። ተባይ ብዙውን ጊዜ የሚወደውን ተክል ይመርጣል። በረዶ ግን አይመርጥም። ሎሚውም፣ ኮኩም፣ ጎመኑም በአንድ ሌሊት ከተቀደደ የሰማይ ሥራ ነው። መድኃኒት አያሻውም። መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ያላችሁ ደግሞ አቧራውን ከቅጠሉ ላይ በንጹሕ ውኃ እጠቡ። አቧራ የለበሰ ቅጠል ብርሃን በደንብ አያገኝም፤ ጥቃቅን ተባዮችም ይመቻቸዋል።

ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ቅጠል

የሎሚ ወይም የብርቱካን ቅጠል የኩሽና ጥቀርሻ የተቀባ ይመስላል። በጣታችሁ ስትፍቁት ይለቃል። ቅጠሉን ነካ ስታደርጉት ይጣበቃል። ጉንዳኖችም በግንዱ ሲወጡና ሲወርዱ ታያላችሁ። ምን ሆኖ ነው?

ቅጠሉን ገልብጡት። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ ወይም እንደ ቅርፊት የተለጠፈ ተባይ ታገኛላችሁ። እነዚህ ተባዮች የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጣሉ። የሚያስወጡት ነገር እንደ ማር ጣፋጭ ነው። በዚያ ጣፋጭ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ጉንዳኖቹም ጣፋጩን ስለሚወዱት ተባዩን እንደ ላም ይጠብቁታል። ክሽክሽ የሚበሉ ደጋግ ነፍሳትንም ያባርሩበታል። ስለዚህ ጥቁሩን ብቻ ብትጠርጉ ተመልሶ ይመጣል። ከመሠረቱ ማጥፋት ያለባችሁ ተባዩን ነው።

በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክሩና 2 ቀን ጠብቁ። ካልጎዳው ወደ ማታ ፀሐይ ስትበርድ የቅጠሉን ጀርባ እያገላበጣችሁ እጠቡት። ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ለጉንዳኑ ደግሞ በግንዱ ዙሪያ ጨርቅ ጠምጥሙና ጨርቁን ግራሶ ቀቡት። ግራሶውን ልጡ ላይ አትቀቡ።

በሎሚ ቅጠል ላይ የሚጽፍና የሚበላ

በለጋ የሎሚ ቅጠል ላይ ብርማ፣ ጠመዝማዛ መስመር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሕፃን ልጅ በእርሳስ የሞነጫጨረው ይመስላል። ይህን የሚያደርገው ቅጠል ሰርሳሪ የሚባል በጣም ትንሽ ትል ነው። በቅጠሉ ቆዳና ሥጋ መካከል እየበላ ይሄዳል። መልኩ ያስፈራል እንጂ ትልቅ ዛፍን ብዙ አይጎዳም። ቅጠሉን አትቁረጡት፤ የተረፈው አረንጓዴ ገና ይሠራል። መድኃኒትም አያስፈልገውም።

ሌላው አባጨጓሬ ነው። በሎሚ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ተቀምጦ ታያላችሁ። ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ይንቀሳቀሳል። የቢራቢሮ ልጅ ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ስትነኩት ከራሱ በኩል ሁለት ቀንድ የመሰለ ነገር አውጥቶ ይሸታል። ይህን ያህል ነው ጉልበቱ። ችግኝ ከሆነ ቅጠሉን በጥቂት ቀን ሊጨርሰው ስለሚችል በእጃችሁ ልቀሙት። 10 ደቂቃ ቢፈጅባችሁ ነው።

የተጨማደደ የኮክ ቅጠል

በሰፈራችን የኮክ ነገር ሁሉንም ያነጋግራል። አዲሱ ቅጠል ሲወጣ ያብጣል፤ ይጨማደዳል፤ ቀይ ይሆናል። ኋላ ይረግፋል። ይህ ከሻጋታ ዘር የሆነ፣ ፈንገስ የሚባል በሽታ ነው። ፈንገሱ የሚገባው እምቡጡ ሲፈነዳ አየሩ ብርድና እርጥብ ከሆነ ነው። እኛ የምናየው ግን ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ከተጨማደደ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። የታመሙትን ቅጠሎች ለቅማችሁ ከግቢ አውጡ ወይም ቅበሩ። ዛፉን በብስባሽና በውኃ አግዙት፤ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ፀረ ፈንገስ የሚረጨው ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሳለ እምቡጡ ከመፈንዳቱ በፊት ነው። ለዚህም መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ ይሠራበታል። ጊዜውንና መጠኑን ባለሙያ ጠይቁ።

ነገር ግን የኮክ ቅጠል በክሽክሽም ይጠቀለላል። ልዩነቱን እንዴት እናውቃለን? በ3ኛው ጥያቄ ነዋ! ገልብጠን እናያለን። የተጠቀለለው ውስጥ ክሽክሽ ከተገኘ የሳሙናው ውኃ ይበቃል።

በሽታ ከጓሮ ወደ ጓሮ እንዴት ይሄዳል?

በሽታንና ተባይን ከቦታ ወደ ቦታ ሰውም ያመላልሳል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። እንሰት የምታውቁ ሁሉ ይህን በሽታ ታውቁታላችሁ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ተክሉም በሙሉ ይሞታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዳኛቸው ይርጉ የተባሉት ተመራማሪ ብራድበሪ ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የበሽታውን ምክንያት ጽፈው አስታወቁ። ምክንያቱ ባክቴሪያ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕዋስ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውን ያሸጋግረዋል። ስለዚህ እንሰትም ሆነ ሎሚ ስትቆርጡ ቢላዋችሁን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት በእሳት ለብልቡት።

ሁለተኛው የማንጎ ነጭ ስኬል ነው። እንደ ነጭ ቅርፊት በቅጠሉና በፍሬው ላይ የሚለጠፍ ተባይ ነው። በአገራችን መጀመሪያ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል፤ የብዙ ገበሬዎችንም ምርት ጎድቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ችግኝ ስንገዛ ቅጠሉን ገልብጠን ሳናይ ወደ ግቢያችን እንዳናስገባ ነው።

መድኃኒት በመጨረሻ፣ አንብቦ

መድኃኒት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እነዚህን ሦስት ስሞች አንብባችሁ ለዩ።

ፀረ ተባይ፦ ተባይ ይገድላል።

ፀረ ፈንገስ፦ ፈንገስን ይከላከላል።

ፀረ አረም፦ ተክል ይገድላል።

ሦስቱም «ፀረ» ብለው ይጀምራሉ። ልዩነቱ ያለው ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አንብባችሁ እንዳትቆሙ! ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ለሚያነብ ሰው አሳዩ። ጽሑፉ ከተላጠ ወይም ከሌለ አትንኩት። ፀረ አረም በተረጨበት መርጫ ፍራፍሬ አትርጩ። ታጥቦም ቢሆን ቅሬታው ይጎዳል።

መድኃኒት በውኃ መጠጫ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ በፍጹም አትቅዱ። ልጅ መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል። ስትረጩ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ጓንት አድርጉ፤ ነፋስ ባለበት ሰዓት አትርጩ። ከጨረሳችሁ በኋላ እጃችሁንና ልብሳችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከተረጨ በኋላ ፍሬው ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት ጠርሙሱ ላይ ተጽፎአል። ቀኑ ሳይሞላ አትብሉ፤ ለሰውም አትሽጡ።

ምክንያቱ ካልተገኘላችሁስ? የታመመውንና ጤነኛውን ቅጠል በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ወደ ወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ ሂዱ። ጤነኛው የሚያስፈልገው ለማወዳደር ነው። ባለሙያዎቹም ሲቸግራቸው የሚጠይቁት አለ። በአምቦ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በዕፅዋት ጥበቃ ምርምር የታወቀ ነው። በአዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ስለ ፍራፍሬ ያጠናል።

የእማማ ሎሚ ምን ሆነ?

የዛፉ ግማሽ ደረቀ። የደረቀውን ቆረጥን። የዚያን ዓመት ፍሬ ለቅመን ቀበርነው፤ አልተሸጠም። ደብተሩ የተገዛው በብድር ነው። ፍርስራሹን አውጥተን አፈር ለወጥን። በማግሥቱ ዓመት በአንድ ወገን አዲስ ቅጠል ወጣ፤ አረንጓዴ ነበር። ዛሬ ያ ግማሽ ዛፍ ያፈራል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

እማማ አሁን ያነባሉ። በቅርቡ አንድ ጎረቤት ኮኩ ተጨማዶበት ጠርሙስ ይዞ መጣ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው «ፀ…ረ… ተ…ባ…ይ» ብለው አነበቡለት። ቀጥለውም «ተባዩን አይተኸዋል ወይ?» ብለው ጠየቁት። አላየም ነበር። ተያይዘው ወደ ኮኩ ሄዱ፤ ቅጠሉንም ገለበጡት።

የቤት ሥራ

አንድ. ከጓሮአችሁ ወይም ከጎረቤት 1 ጤነኛና 1 የታመመ ቅጠል አምጡ። በክፍል አወዳድሩአቸው።

ሁለት. 5ቱን ጥያቄዎች በደብተራችሁ ጻፉና መልሱአቸው።

ሦስት. በቤታችሁ መድኃኒት ያለበት ጠርሙስ ካለ ሳትከፍቱት ጽሑፉን አንብቡ። «ፀረ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቃል ምንድን ነው?

አራት. እነዚህን ቃላት 3 ጊዜ እያነበባችሁ ጻፉ፦ ቅ-ጠ-ል፤ ሥ-ር፤ ጅ-ማ-ት፤ ተ-ባ-ይ፤ አ-ረ-ም፤ ፈ-ን-ገ-ስ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን እዚህ ላይ ያበቃል። በሌላ ትምህርት እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ።